ቫሊዴሽን ምንድነው? ከ«አይዞሽ» በፊት የምትቀድመው ነገር

እዚህ ጅማ ሄርማታ አካባቢ ጎረቤት ቤት ቡና እየጠጣን ነበር፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፣ የቤቱ ልጅ የ12ኛ ክፍል ውጤቷ መጥቶ አላለፈችም፣ ረከቦቱ አጠገብ አንገቷን ደፍታ ተቀምጣለች። ሁላችንም በየተራ «አይዞሽ»፣ «ተይው ለበጎ ነው»፣ «ስንቱ ወድቆ የለ እንዴ» እንላለን። ከፍቅር ነው እኮ የምንላት፣ ግን በተናገርን ቁጥር ልጅቷ ይበልጥ ተኮማተረች። ቶናው ሲቀዳ አክስቷ «የኔ ልጅ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት መብራትሽን አየው ነበር፣ ያን ሁሉ ለፍተሽ እንዲህ መሆኑ ያንገበግባል» አለቻት። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ፣ ከዛ ማውራት ጀመረች፣ ቡናው እስኪያልቅ አላቆመችም።

ቫሊዴሽን ማለት ይቺ ናት። የሰውየው ስሜት ካለበት ሁኔታ አንጻር ትክክለኛ ምክንያት እንዳለው ማየት፣ ማየትህንም ለሱ መንገር። በአማርኛ አንድ ቃል አላገኘሁለትም፣ እኔ ለራሴ «ስሜቱን አለመካድ» እለዋለሁ።

በቴራፒ፣ ማለትም በንግግር በሚደረግ የአእምሮ ሕክምና ውስጥ፣ ለቫሊዴሽን ትልቅ ቦታ የሰጠችው አሜሪካዊቷ ሳይኮሎጂስት ማርሻ ሊነሃን ናት። ራሳቸውን ማጥፋት ከሚፈልጉ ሰዎች ጋር ስትሰራ «ይሄን ቀይሩ፣ ያን አስተካክሉ» ብቻ ሲባሉ ስቃያቸው እንዳልታየላቸው ስለሚሰማቸው፣ ዲያሌክቲካል ቢሄቪየር ቴራፒ በሚባለው ዘዴዋ መቀበልንና መለወጥን አንድ ላይ አደረገቻቸው። እሷ ራሷ በ17 ዓመቷ የአእምሮ ሆስፒታል ተኝታ እንደነበር በ2011 እ.ኤ.አ በአደባባይ ተናግራለች፣ ይሄን ሳውቅ ስራዋን የበለጠ አመንኩት። ቫሊዴሽንን 6 ደረጃ አድርጋ ነው ያስቀመጠችው፣ የመጀመሪያው ዝም ብሎ ልብ ሰጥቶ መስማት ነው፣ ስልክ አስቀምጦ ማለት ነው በኛ ቋንቋ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቫሊዴሽን መስማማት ሲመስለው ነው። አይደለም። አንድ አባት በልጁ ቢናደድ «ብትናደድ አይገርምም» ልትለው ትችላለህ፣ መምታቱን ግን ልክ ነው አትለውም፣ ስሜቱ ሌላ ድርጊቱ ሌላ።

ደግሞ አንዱ እውነት በሁለት መንገድ ሊነገር ይችላል። የ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ ተፈትኖ ግማሽና ከዛ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ይሄን ይዘህ «ስንቱ ወድቋል» ካልካት ሀዘኗን ታሳንስባታለህ፣ «እንደዚህ ከባድ ነገር ፊት ነው የቆምሽው» ካልካት ግን ታይላታለህ። «አይዞሽ»ን ተዉ አላልኩም፣ የሚያምር ቃላችን ነው፣ ትንሽ ዘግይቶ ይምጣ ነው የምለው።

እንቅልፍና ምግብ ለሳምንታት ከጠፋ ወይም ስለ መሞት ማውራት ከጀመረች ግን ማዳመጥ ብቻውን አይበቃም፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፣ ብቻዋን አትላኳት፣ አብራችሁ ሂዱና ወረፋው ላይ አጠገቧ ተቀመጡ።