ቅዳሜ የምትጠብቅ ልጅ፦ ስለ በጎ ፈቃድ ታላቅ እህትነትና ወንድምነት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቡና ላይ ስንቀመጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ወዴት እንደምሄድ የሚጠይቁኝ ወገኖች ብዙ ናቸው። በአንድ የወጣቶች ፕሮግራም በኩል ለአንዲት ልጅ ታላቅ እህት ሆኜ፣ ማለትም በበጎ ፈቃድ አብሬያት ጊዜ እያሳለፍኩ፣ ማገልገል ከጀመርኩ አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ስንተዋወቅ 11 ዓመቷ ነበር። ከኤል ሳልቫዶር ከመጡ አያቷ ጋር ትኖራለች። ስሟን አልጽፍም፤ ታሪኩ የእሷም ስለሆነ ግን እዚህ የምነግራችሁን ጥቂት ነገር አስፈቅጃታለሁ።

መልሴን ሰምተው አንዳንዶቹ «ይህ ለእኔ ዓይነቱ ሰው አይሆንም» ብለው ገሸሽ ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ «እስቲ እኔም ለአንድ ሁለት ወር ልሞክረው» ይላሉ። የመጀመሪያዎቹ ራሳቸውን ይከለክላሉ፤ በሁለተኞቹ ግን የሚጎዳው ልጅ ነው። ሁለቱንም የሚያሳስታቸው ስለ ነገሩ ሲወራ የሰሙት ነውና አንድ በአንድ ላንሣው።

«የተማረና የተረፈው ሰው ሥራ ነው»

እኔ አረጋውያንን በየቤታቸው እየተንከባከብኩ የምተዳደር ሰው ነኝ። ፕሮግራሙ የጠየቀኝ ዲግሪ አይደለም። በወር ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ በሄድኩ ቁጥር ጥቂት ሰዓት፣ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንድመጣ ነው የጠየቀኝ። አብዛኞቹ ፕሮግራሞች የሚጠይቁት ከዚህ ብዙ አይርቅም። ውድ ስጦታ መግዛትን እንዲያውም አይወዱትም፤ ወዳጅነቱ የሰጪና የተቀባይ ነገር ሆኖ እንዳይቀር ይሰጋሉ። ዋሽንግተን ውስጥ የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች መግቢያቸው ነጻ ነው፤ የእንስሳት ማቆያውም እንዲሁ። እኛ ግን አብዛኛውን ቅዳሜ ያሳለፍነው በሠፈሩ ቤተ መጻሕፍት ነው።

«እንግሊዝኛዬ ያሳፍራል» የሚሉም አሉ። እኔም ፈርቼ ነበር። አንድ ቀን ከምግብ አሠራር መጽሐፍ ላይ ጮክ ብዬ ሳነብ «ቬጀቴብል» አልኩ። ልጅቱ ጣቷን ቃሉ ላይ አድርጋ «ቬጅተብል» አለችኝ። ደገምኩት፤ አሁንም ተሳሳትኩ። እንደ መምህር ራሷን ነቀነቀችና መጽሐፉን ከእጄ ወስዳ ገጹን እስከ መጨረሻው አነበበችልኝ። በክፍሏ ውስጥ ድምፅዋን አሰምታ ማንበብ የምትፈራ ልጅ ነበረች። እንግሊዝኛዬ የተስተካከለ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን መጽሐፉን ከእጄ ባልወሰደችው ነበር።

«ልጆቹ ባለጌዎች ወይም ወላጅ አልባ ናቸው»

ይህ ግምት መነሻ አለው። በ1904 (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኧርነስት ኮልተር የሚባል የኒው ዮርክ የሕፃናት ፍርድ ቤት ጸሐፊ ፊቱ የሚቀርቡት ልጆች ነገር አላስተኛው ቢል፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የወንዶች ማኅበር መካከል ቆሞ እያንዳንዱ ሰው የአንድ ልጅ ወዳጅ እንዲሆን ለመነ። 40 ያህል ወንዶች እሺ አሉ። ሴቶችም በዚያው ዘመን ለልጃገረዶች ተመሳሳይ ሥራ ጀመሩ። ሁለቱ ወገኖች በ1977 ተዋሕደው ዛሬ «ቢግ ብራዘርስ ቢግ ሲስተርስ ኦፍ አሜሪካ» የሚባለው ትልቅ ድርጅት ሆኑ።

ስለዚህ ነገሩ ከፍርድ ቤት ደጃፍ መጀመሩ እውነት ነው። ዛሬ ግን ልጆቹን በአብዛኛው የሚያስመዘግቡት የገዛ ወላጆቻቸው ናቸው፤ ሁለት ሥራ እየሠራች ልጇን የምታሳድግ እናት፣ ወይም እንደ እኔዋ ልጅ አያት። ልጁ ያጠፋው ነገር ላይኖር ይችላል፤ የጎደለው ለእሱ ብቻ የሚውል የአዋቂ ሰው ጊዜ ነው። ወንዶች ልጆች ደግሞ ከሴቶቹ ይልቅ ረጅም ወረፋ ይጠብቃሉ፤ በፈቃዳቸው የሚመጡ ወንዶች ቁጥር ያንሳልና። ይህቺን ዓረፍተ ነገር የሐበሻ ወንዶች ሁለት ጊዜ እንዲያነቧት እለምናለሁ።

«ልጄን ለባዕድ መስጠት ማሳደግ አቃተኝ ማለት ነው»

ይህን የምሰማው ከራሳችን ወላጆች ነው፤ ብዙ ጊዜም «የፈረንጅ ነገር ነው» የሚል ይከተለዋል። ለመሆኑ እኛ ማን ነን? ልጅ ክርስትና ሲነሣ ክርስትና አባት ሲቆምለት አባቱ ተሻረ የሚል አለ? ጎረቤት የሌላውን ልጅ ሲቆጣ፣ ሲልክ፣ ሲያበላ ኖሮ የለም? እዚህ አገር የጎደለን ያ ጎረቤት ነው። በሁለት ፈረቃ መካከል ልጁን የሚያይለት አክስትና አጎት ውቅያኖስ ማዶ ቀርተዋል።

አያቷ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከመስኮት ሆነው እስክንሰወር ድረስ ይከተሉን ነበር። ትክክል ነበሩ። የት እንደምንሄድ፣ ስንት ሰዓት እንደምንመለስ፣ ምን መብላት እንደሌለባት የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። እኔ ከልጅቱ የሰማሁትን የቤት ገመና የትም አልወስድም፤ በሃይማኖቷም አልገባም። በሦስተኛው ወር አካባቢ የገዛ እጃቸውን ሥራ ፑፑሳ፣ የአገራቸውን የበቆሎ ቂጣ፣ በፎጣ ጠቅልለው አስያዙኝ፤ በሳምንቱ እኔ እንጀራ በምስር ወጥ ይዤ ሄድኩ። በቋንቋ አንግባባም፤ ልጅቱ እያስተረጎመች ነው ዛሬም የምናወራው።

እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ ነገሩን ከእኛ ቀድመው ያውቁታል። በ1972 በቫይዝማን የሳይንስ ተቋም የተጀመረው «ፔራኽ» የሚባል ፕሮግራም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ከልጆች ጋር ያጣምራል፤ ተማሪዎቹም ከትምህርት ክፍያቸው ከፊሉ ይቀነስላቸዋል። ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተሰቦች ልጆችም ከተጠቀሙት መካከል ናቸው።

«ሥራው መምከር ነው»

እንዲህ ያለው በጎ ፈቃደኛ በእንግሊዝኛ የሚጠራበትን «ሜንተር» የሚለውን ቃል «አማካሪ» ወይም «መካሪ» ብለን መተርጎማችን ገና ከበሩ ያሳስተናል። ምክር ደግሞ እንወዳለን፤ ልጅ ፊታችን ቁጭ ካለ ዝም ብሎ ማለፍ አንችልም። እኔም በሁለተኛው ወር አውቶቡስ ላይ ስለ ቤት ሥራዋ ረጅም ነገር ስናገር አጠገቤ ያለችው ልጅ የጃኬቷን ቆብ ቀስ አድርጋ ግንባሯ ላይ ሳበች፤ ከዚያ እስከ አፍንጫዋ። እስክንወርድ ድረስ ፊቷን አላየሁም። ስንለያይ ደህና ሁኚም አላለችኝ።

በ1995 ክሪስቲን ሞሮው እና ሜላኒ ስታይልስ የተባሉ ተመራማሪዎች በዚሁ በአሜሪካው ድርጅት ውስጥ 82 የበጎ ፈቃደኛና የልጅ ጥንዶችን ተከታትለው ነበር። ልጁን ለማረም ዓላማ ይዘው የመጡት፣ ሕግ አውጥተው ሂደቱን ራሳቸው የመሩት በጎ ፈቃደኞች ወዳጅነታቸው በአብዛኛው በአጭር ተቀጨ። መጀመሪያ ለመተማመን ጊዜ የሰጡት፣ ምን እንሥራ ብለው ልጁን የጠየቁት ግን ቀጠሉ። ልብ በሉ፤ እነዚህኞቹ ስለ ትምህርት ፈጽሞ አላነሱም ማለት አይደለም። ያነሱት ልጁ ራሱ ሊነግራቸው ከፈለገ በኋላ ነው።

ከዚያች ቀን በኋላ አፌን ያዝኩ። ካርታ ተጫወትን፤ የቤቷን መጋረጃ ጫፍ አብረን ሰፋን። ዝም የምንባባልባቸው ረጅም ሰዓታት ነበሩ፤ መጀመሪያ ያስጨንቁኝ ነበር። ስለ ሒሳብ ፈተናዋ የነገረችኝ መርፌ ውስጥ ክር ለማስገባት አንድ ዓይኗን ጨፍና ስትታገል ነው፤ ቀና ብላም አላየችኝም። «ወደቅኩ» አለች። «ክሩን በምራቅሽ አርጥቢው» አልኳት። ሌላ አልጨመርኩም። ፈተናውን በሚቀጥለው ቅዳሜ በቦርሳዋ ይዛ መጣች። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው ይላል ያገሬ ሰው፤ እኔ ግን ንፍጡን ለመጥረግ ቸኩዬ ነበር።

«ጥቂትም ቢሆን ከምንም ይሻላል»

ከሁሉም የምፈራው ይህን ነው፤ ቅን ሰዎች የሚሉት ነገር ነውና። አንድ ብር ከምንም ይሻላል፤ አንድ ጉርሻም እንዲሁ። ልጅ ላይ ግን ሒሳቡ አይሠራም። ጂን ባልድዊን ግሮስማን እና ጂን ሮድስ በ2002 ባወጡት ጥናት፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የዘለቁት ጥንዶች ውስጥ ያሉ ልጆች ከሁሉም የበለጠ ተጠቅመው ተገኙ። ወዳጅነታቸው በሦስት ወር ውስጥ የተቋረጠባቸው ግን ለራሳቸው የነበራቸው ግምት ቀነሰ። ሰው መጥቶ ጥሏቸው የሄደባቸው እነዚህ ልጆች፣ ጭራሹንም ሰው ካልመጣላቸው ብሰው ተገኙ ማለት ነው። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ብዙዎቹ አስቀድሞም አንድ አዋቂ የተለያቸው ልጆች ናቸው። ሁለተኛው ሲጠፋ ጥፋቱን የሚፈልጉት ከራሳቸው ነው።

ይህን ከወረቀት ሳነበው አልገባኝም። የገባኝ በሰባተኛው ወር ነው። የሥራ ባልደረባዬ ታማ የእሷን ፈረቃ ደርቤ ያዝኩ። ልደውል ስል የምንከባከባቸው አዛውንት ወደቁብኝ፤ ከዚያ ረሳሁት። ማታ ስደውል አያቷ አላነሱም። ነገሩን የሰማሁት በሳምንቱ ነው። ልጅቱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ ጫማዋን አድርጋ፣ ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ ቋጥራ፣ ፎቁ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ቆየች። ለምሳ ሲጠሯት «ትመጣለች» አለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲጠሯት ምንም አላለችም፤ ገብታ ጫማዋን አልጋ ሥር ወረወረችው።

ይቅርታ ስጠይቃት «ችግር የለም» አለችኝ፤ ፊቷ ግን ይህን ድሮም አውቀው ነበር ይል ነበር። ያን ፊት ለመለወጥ ወራት ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ መቅረት ካለብኝ ዓርብ ማታ እደውላለሁ፤ ለአያቷ ሳይሆን ለራሷ፤ የምመጣበትንም ቀን እነግራታለሁ።

ሰው ሥራ ይለውጣል፣ ይታመማል፣ ከተማ ይቀይራል፤ ዕድሜ ልክ ቃል ግቡ የሚል የለም። መሄድ ካለባችሁ ግን ሳትሰናበቱ አትሂዱ። ደህና ፕሮግራሞች ለዚህ ሥርዓት አላቸው፤ የመጨረሻ ቀን ተቆርጦ፣ ሠራተኛ ባለበት፣ ለምን እንደምትለዩ ለልጁ በፊቱ ይነገረዋል። አንድ ዓመት እንደማትቆዩ ከአሁኑ የምታውቁ ከሆነ ደግሞ አትመዝገቡ። ቅዳሜ ምግብ ማደል አለ፣ ቤተ መጻሕፍት ማገልገል አለ፤ እዚያ ብትቀሩ ደረጃ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቃችሁ ልጅ የለም።

«አንድ ጥሩ ሰው ካገኘ ልጁ ይለወጣል»

በ1995 የታተመ፣ ከ10 እስከ 16 ዓመት የሆኑ 959 ልጆችን ያካተተ ጥናት አለ። በዕጣ ከፊሎቹ ወዲያው ታላቅ ወንድም ወይም እህት አገኙ፤ ከፊሎቹ ወረፋ ላይ ቆዩ። ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ፣ ያገኙት አደንዛዥ ዕፅ መጠቀም የመጀመር ዕድላቸው በ46 በመቶ፣ መጠጥ የመጀመር ዕድላቸው በ27 በመቶ ያነሰ ነበር፤ ከትምህርት ቤት መቅረታቸውም በግማሽ ገደማ ቀነሰ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። በትምህርት ውጤት ላይ የታየው መሻሻል ግን ጥቂት ነበር። የእኔዋ ልጅ ዛሬም ሒሳብ ይከብዳታል። አምስት ዓመት ሰጥቼ የክፍሉ አንደኛ አላደረግኋትም፤ ያን የሚጠብቅ ሰው በስድስተኛው ወር ተስፋ ይቆርጣል።

«አሻራ መስጠት ስድብ ነው»

አይደለም። እኔ አሻራ ሰጥቻለሁ፣ ሦስት ምስክሮች ጠርቻለሁ፣ ቤቴ ድረስ መጥተው አይተዋል፣ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠይቀውኛል። አንድ ወዳጃችን «እኔን እንደ ሌባ!» ብሎ ቅጹን ጥሎ ወጥቷል። በሩ የተጠበቀው ግን ለእሱ ተብሎ አይደለም፤ ልጅን ለመጉዳት የሚመጣ ሰውም ፈገግ ብሎ፣ በጎ ፈቃደኛ ነኝ ብሎ ስለሚመጣ ነው። ይህን የማያጣራ ፕሮግራም ካያችሁ ልጃችሁን አታስመዝግቡ። የሚያጣራ ከሆነም ከምዝገባው በኋላ በየወሩ ማን እንደሚደውልላችሁ ጠይቁ፤ ልጁ ሲመለስ የት እንደዋለ ብቻውን ጠይቁት።

«ልጁ ሲያድግ ያበቃል»

ወረቀቱ የእኛን ወዳጅነት ልጅቱ 18 ዓመት ሲሞላት ይዘጋዋል። በየዓመቱ የፕሮግራሙ ሠራተኛ ለየብቻ ትጠራንና መቀጠል እንደምንፈልግ ትጠይቀናለች። ዘንድሮ ልጅቱ ስትጠየቅ፣ ቅዳሜ ቀጠሮ ስላለባት ቶሎ እንድትጨርስላት ጠየቀቻት። ቀጠሮው የአያቷን የክረምት ካፖርት ማሳጠር ነበር። አንዱን እጅጌ ጨርሰናል፤ ሁለተኛው ለፊታችን ቅዳሜ ቀርቷል።