የጨው ከረጢት ላይ የተጻፈው «ፒፒኤም» ምን ማለት ነው?

«ፒፒኤም» ማለት በአንድ ኪሎ ጨው ውስጥ ያለው ሚሊግራም ነው። ሰው የሚሳሳተው ግን የምን ሚሊግራም እንደሆነ ሳያይ ሲቀር ነው። ለሰውነት የሚያስፈልገው አዮዲን የተባለ ማዕድን እንዲኖረው ጨው ላይ የሚረጨው ፖታሲየም አዮዴት ሲሆን፣ ከክብደቱ አዮዲን የሆነው 59 በመቶው ብቻ ነው። ስለዚህ «አዮዴት 50» እና «አዮዲን 30» የሚሉ ሁለት ከረጢቶች ከሞላ ጎደል እኩል ናቸው።

አዮዲኑ 30 ፒፒኤም የሆነ ጨው 5 ግራም፣ ማለትም አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ፣ 150 ማይክሮግራም አዮዲን ይሰጣል፤ የአዋቂ የቀን ፍላጎት ይኸው ነው። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት 250 ያስፈልጋታል። ጉድለቱን ጨው በመጨመር መሙላት ግን አይገባም፤ ለደም ግፊት ያጋልጣል፤ የጤና ባለሙያ ማማከር ይሻላል።

በ2003 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲኖረው ያስገድዳል። ሆኖም ፋብሪካ የገባው ሁሉ ወጥ ድረስ አይዘልቅም። ሰበታና ቡራዩ ዳር ባሉ ሱቆች ደጃፍ፣ አፉ የተከፈተ ጆንያ ፀሐይና ካፊያ እየተፈራረቀበት በጣሳ ሲሰፈር ይታያል። አዮዴቱ የፍሬው ላይኛ ገጽ ላይ የተለጠፈ ስለሆነ እርጥበት ሲነካው ሟሙቶ ወደ ጆንያው ሥር ይወርዳል፤ ከላይ የተሰፈረለት ሰው ባዶውን ይወስዳል። በጣም የሚያሳዝነው ደግሞ ጥሬ ጨው አፈር አለው ተብሎ ሲታጠብ ነው፤ አዮዲኑም አብሮ ይደፋል።

የታሸገውን ይግዙ፤ ከምድጃ ርቆ በተከደነ ዕቃ ያስቀምጡ፤ ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨምሩበት።