የቆየ መኪና የእግር ዕቃ ፍለጋ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎንደር ውስጥ ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለገለ መኪና ብርቅ አይደለም። የከተማው ዳገትና ቁልቁለት፣ የውስጥ ለውስጡ ኮብልስቶን፣ ወደ ጎርጎራና ወደ ደባርቅ የሚደረገው ምልልስ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳው የመኪናውን እግር፣ ማለትም ሞላውን (ክብደት ተሸካሚውን ስፕሪንግ)፣ አሞርዛተሩን (መንጠር የሚያበርደውን)፣ ቦል ጆይንቱን (እንደ ኳስ የሚዞረውን መጋጠሚያ) እና በመጋጠሚያዎቹ ውስጥ የሚገቡትን የላስቲክ ቡሾች ነው። እነዚህን ለመተካት ከሚወጣው ገንዘብ ጥቂት የማይባለው የሚባክነው ከአፍ ወደ አፍ በሚተላለፉ የተሳሳቱ አመለካከቶች ምክንያት ነው።

«ለቆየ መኪና ዕቃ የሚገኘው አዲስ አበባ፣ ሶማሌ ተራ ሲኬድ ብቻ ነው» የሚለው ከሁሉ የተለመደው ነው። ሶማሌ ተራ ሰፊ ምርጫ መኖሩ አይካድም። ነገር ግን ከሰባት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ያመጣው ዕቃ አልገጥም ያለው ሰው የሚከስረው የዕቃውን ዋጋ ብቻ አይደለም። የጎንደር መለዋወጫ ነጋዴ ደውሎ ሊያስመጣ፣ ዕቃውም በአውቶቡስ ሊላክ ይችላል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው በስልክ የሚነገረው መረጃ የማያሻማ መሆኑ ነው።

የሚያሻማው መረጃ ደግሞ «ስሙንና ሞዴሉን ከተናገርኩ ይበቃል» ከሚለው ሐሳብ ይመጣል። «የ92 ኮሮላ የኋላ አሞርዛተር» ተብሎ ቢታዘዝ፣ 92 የተባለው በማን አቆጣጠር እንደሆነ አይታወቅም። እ.ኤ.አ. 1992 ከሆነ አንድ መኪና ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ግን እ.ኤ.አ. 1999 ወይም 2000 ላይ ያደርሰናል፤ በመካከሉ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1995 ጃፓን ውስጥ አዲስ የኮሮላ ሞዴል ወጥቷል። ዘመኑ ቢታወቅ እንኳ ነገሩ አያበቃም። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣውን ኬኢ 70 የሚባለውን ኮሮላ እንውሰድ፦ የቤት መኪናው ከኋላ የሚቆመው በጥምዝ ሞላ ሲሆን፣ የጭነት ክፍሉ ከኋላ የተዘረጋው ስቴሽን ግን በባሌስትራ፣ ማለትም በተደራረቡ የብረት ቅጠሎች ነው። ስሙም ዘመኑም አንድ ሆኖ እግሩ ይለያያል። ስለዚህ ከመደወል በፊት ኮፈኑን ከፍቶ፣ የሞዴሉ ኮድና የሻንሲው ቁጥር የተጻፈባትን የብረት ሰሌዳ በስልክ ፎቶ ማንሳት ይገባል።

በዚያ ኮድ ነጋዴው የዕቃውን ቁጥር ያወጣል። የቶዮታ የዕቃ ቁጥር በተለምዶ አሥር አኃዝ ያለው ሲሆን በሰረዝ ለሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ የዕቃውን ዓይነት ይናገራሉ፦ 48510 የፊት አሞርዛተር፣ 48131 የፊት ሞላ፣ 43330 የፊት የታችኛው ቦል ጆይንት ነው። ለየትኛው መኪና እንደተሠራ የሚለዩት የኋለኞቹ አምስቱ ናቸው። ካርቶኑ ላይ 48510 አይቶ ብቻ መክፈል የዋህነት ነው።

«መኪናው ወደ አንድ ጎን ካጋደለ አሞርዛተሩ ሞቷል» ይባላል። የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ግን ሞላው ነው፤ የአሞርዛተር ሥራ በውስጡ ያለውን ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እያሳለፈ የሞላውን መንጠር ማብረድ ነው። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሞ፣ ከቸርኬው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ርቀት ግራና ቀኝ በሜትር መለካት የደከመውን ሞላ ያጋልጣል። የሞተ አሞርዛተር ምልክቱ ሌላ ነው፦ ገላው ላይ የወረደ ዘይት፣ ጎማው ላይ እዚህም እዚያም የሚታይ ያልተስተካከለ መበላት፣ ጉድጓድ ካለፉ በኋላ ቶሎ የማይቆም መንጠር።

ከዚህ ጋር የተያያዘው «ወፍራም ሞላ ለጎንደር መንገድ ይሻላል» የሚለው እምነት ነው። የሞላ ጥንካሬ ከሽቦው ውፍረት ጋር እኩል አይጨምርም፤ በውፍረቱ አራተኛ ርቢ ነው የሚያድገው። ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ የ12 ሚሊ ሜትር ሽቦ በ13 ቢተካ፣ አንዲት ሚሊ ሜትር ጥንካሬውን በ38 በመቶ ገደማ ከፍ ታደርገዋለች። ሞላው ያልዋጠው ምት ወደ አሞርዛተሩ፣ ወደ ቡሹና ወደ ቦዲው ብየዳ ይሄዳል። ለፒክአፕ አንድ ቅጠል ባሌስትራ የሚያስጨምሩም የአክስሉ አቅም አብሮ እንደማይጨምር ቢያስቡ መልካም ነው።

«ያገለገለ የጃፓን ዕቃ ከአዲስ ኮፒ ይበልጣል» የሚለው በከፊል እውነት ነው። የሎወር አርም (ጎማውን ከቦዲው ጋር የሚያያይዘው የታችኛው ክንድ) ብረት፣ ካልተጣመመና ካልተበየደ፣ ሊሠራ ይችላል። አሞርዛተር፣ ቡሽና ቦል ጆይንት ግን የሚያረጁት በላስቲካቸውና በውስጥ መፋተጊያቸው ስለሆነ፣ ከውጭ ተወልውለው ቢያብረቀርቁም ዕድሜያቸውን ማንም አያውቅም። ቦል ጆይንት ሲላቀቅ ጎማው ወደ ጎን ስለሚወድቅ፣ በዚህ ዕቃ ላይ ቁጠባ ይቅር እላለሁ። በሌላ በኩል «ኦሪጅናል» ማለት የቶዮታ ካርቶን ብቻ አይደለም፤ ቶዮታ አሞርዛተሮቹን እንደ ኬዋይቢ ካሉ አምራቾች ሲገዛ ኖሯልና፣ በአምራቹ በራሱ ስም የሚሸጠውን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ብዙ ነጋዴ ያለ ጥፋቱ የሚሰደብበት ደግሞ ቡሽ ነው። «አዲስ ያስገባሁት ቡሽ ወዲያው ተቀደደ፤ ዕቃው ኮፒ ነበር» ይባላል። ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም አስቀድሞ የአገጣጠሙ ሁኔታ መታየት አለበት። ላስቲኩ ከውስጠኛውና ከውጪኛው የብረት ቀለበት ጋር የተጣበቀ ቡሽ፣ አርሙ ሲንቀሳቀስ የሚሠራው በመጠምዘዝ ነው። መካኒኩ መኪናውን በክሪክ አንሥቶ፣ ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ብሎኑን እስከ መጨረሻው ካጠበቀው፣ ቡሹ በዚያ የተንጠለጠለ ሁኔታ ይታሰራል፤ መኪናው መሬት ሲነካ ገና ሳይነዳ ተጠምዝዞ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ጉድጓድ በተወጠረ ላስቲክ ላይ ይደርሳል። ትክክለኛው አሠራር ብሎኑን ላላ አድርጎ መኪናውን በጎማው ማቆም፣ አንድ ሁለቴ ወደ ታች ተጭኖ ማንጠር፣ ከዚያም ማጥበቅ ነው።

አሞርዛተርና ሞላ በጥንድ እንጂ በነጠላ አይለወጡም። የታችኛው አርም ወይም ቦል ጆይንት ከተነካ ደግሞ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫና ዘንበል ማስተካከል) ማሠራት ግድ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ ውጭ ያለ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተወሰነ ወዲህ «የድሮ መኪና ዕቃም ይጠፋል» የሚል ስጋት ይሰማል። ክልከላው የተነገረው ስለ ተሽከርካሪው ነው። ለኮሮላና ለሃይሉክስ የሚሠሩ አምራቾች በብዙ አገር ስላሉ የእነዚህ ዕቃ በአንድ ውሳኔ አይደርቅም። የሚያሳስበው ቁጥሩ እንኳ የማይገኝለት ብርቅ ሞዴል ነው፤ ለእርሱ አሮጌውን ዕቃ ሳይጥሉ መለካት ያስፈልጋል። ለአሞርዛተር ተዘግቶና ተከፍቶ ያለው ርዝመት፣ እንዲሁም የላይና የታች ጫፉ ቀለበት ወይም ብሎን መሆኑ ይመዘገባል። ለባሌስትራ የቅጠሉ ስፋትና ውፍረት፣ እንዲሁም ከመሐል ብሎኑ እስከ ሁለቱም ጆሮዎች (የጫፍ ቀለበቶች) ያለው ርቀት ለየብቻው ይለካል፤ የመሐል ብሎኑ ሁልጊዜ እኩል መሐል ላይ አይደለምና።