እህል አልባው «የጥንት ሰው» አመጋገብ ምንድን ነው?

ጎጃም ውስጥ «እህል ቀምሰሃል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ስለ ጤፍ አይደለም የሚያወራው፤ ምግብ በልተህ እንደሆነ ማወቅ ፈልጎ ነው። እህልና ምግብ አንድ ስም በያዙበት አገር «እህል አልባ አመጋገብ» ሲባል ጆሮን ግር ይላል።

በሌላው ዓለም ፓሊዮ የሚባለው ይኸው ነው። መመሪያው ቀላል ነው፤ ሰው እርሻ ሳይጀምር ያልበላውን አትብላ። ስለዚህ ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ በቆሎና ዳጉሳ ይቀራሉ። ባቄላ፣ አተር፣ ሽምብራና ምስርም ይቀራሉ፤ ሽሮ ሄደ ማለት ነው። ወተት፣ አይብና ስኳር አይነኩም። ጥብቆቹ ጨውንም ይከለክላሉ፤ ድንች ላይ ደግሞ እርስ በርስ አይስማሙም። የሚፈቀደው ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ሥራ ሥር፣ እንዲሁም እንደ ተልባና ኑግ ያለው ነው። ጠላና አረቄ የእህል ውጤት መሆናቸውን ግን ብዙ ጀማሪ መርሳት ይቀናዋል።

ሐሳቡን ወደ ሕክምናው ዓለም ይዘው የገቡት ቦይድ ኢተንና ሜልቪን ኮነር የተባሉ አሜሪካውያን ናቸው፤ በ1985 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጽሑፍ። ክርክሩ እንዲህ ነው፦ እርሻ ከተጀመረ 10 ሺህ ዓመት ገደማ ነው፣ ሰውነታችን የተሠራው ግን ከዚያ በፊት በነበረው ረጅም ዘመን ስለሆነ እህሉን አልለመደውም። ታሪኩ ግን ያን ያህል ንጹሕ አይደለም። በገሊላ ባሕር ዳርቻ ኦሃሎ በተባለ ሥፍራ ከ23 ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች የዱር ገብስና ስንዴ ይለቅሙ እንደነበር ፍሬው ራሱ ተገኝቷል። ዮርዳኖስ ውስጥ ደግሞ እርሻ ከመጀመሩ በፊት የተጋገረ፣ 14 ሺህ ዓመት ያለፈው የቂጣ ፍርፋሪ ወጥቷል። ሰውነትም ባለበት አልቆመም፤ ከብት አርቢ ሕዝቦች ሕፃንነት ካለፈ በኋላም፣ በአዋቂነት ዕድሜ፣ ወተት መፍጨት የቻሉት በእነዚሁ ጥቂት ሺህ ዓመታት ውስጥ ነው።

ከፓሊዮ ደጋፊዎች ክርክር ውስጥ ክብደት ያለው ሌላው ነው። እህልና ጥራጥሬ ፋይቲክ አሲድ የሚባል ነገር አላቸው፤ ይህም ብረትንና ዚንክን ይዞ አንጀት እንዳይመጥጣቸው ያደርጋል። እውነት ነው። ነገር ግን የጎጃም ጓዳ ለዚህ መልስ አለው። ሊጥ በእርሾ ተቦክቶ 2 ወይም 3 ቀን ሲቆይ ይኮመጥጣል፤ በኮመጠጠው ሊጥ ውስጥ ደግሞ ፋይቴዝ የተባለው ኢንዛይም አሲዱን ይሰባብረዋል። ጠዋት ተቦክቶ በዱቄት ማስነሻ ማታ የሚጋገረው እንጀራ ዓይኑ ሊያምር ይችላል፣ ይህ ሥራ ግን አልተሠራበትም። (በነገራችን ላይ ስሙ የገነነው የጤፍ ብረት በከፊል የአውድማ አፈር ነው።)

ግብጦ ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። በአዊና በምዕራብ ጎጃም የሚዘራው ይህ ጥራጥሬ አልካሎይድ የተባለ መራራ መርዝ አለው። ተቆልቶ በጆንያ ይታሰርና ወራጅ ውኃ ውስጥ ለቀናት ይዘፈዘፋል፤ መርዙ በውኃ ስለሚሟሟ ወንዙ ይወስደዋል። መለኪያው ምላስ ነው፤ አንዷ ፍሬ እንኳ መረር ካለች ጆንያው ወደ ወንዙ ይመለሳል። ሁሉም ጥራጥሬ ግን እንዲህ እሺ አይልም። እግር የሚያሽመደምደው የጓያ መርዝ በመዘፍዘፍ ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም፤ ጓያ ላይ ፓሊዮዎች ልክ ናቸው።

በሰው ላይ ሲሞከርስ? በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ የስዊድን ጥናት 13 የስኳር ሕሙማንን ለ3 ወር ፓሊዮ፣ ለ3 ወር ደግሞ የተለመደውን የስኳር ሕመም ምግብ አብልቶ አነጻጽሯል። በፓሊዮው ክብደት፣ የወገብ ዙሪያና የደም ስኳር ይበልጥ ወርደዋል። እዚያው ስዊድን 70 ሴቶች በሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ፓሊዮን፣ ግማሾቹ ሌላ አመጋገብን ለ2 ዓመት ሲከታተሉ ግን በ6ኛው ወር የታየው የክብደት ብልጫ መጨረሻ ላይ አልቀጠለም። በእኛ ግምት አብዛኛው ጥቅም የመጣው ስኳሩ፣ ለስላሳ መጠጡና ነጭ ዳቦው በመቅረቱ ነው። እነዚያን ለመተው እንጀራን መተው አያስፈልግም።

አሁን ወደ ሒሳቡ። በቀን 300 ግራም የጤፍ ዱቄት በእንጀራ መልክ የሚበላ ሰው ከዚያ 1,100 ካሎሪ፣ 40 ግራም ፕሮቲንና 540 ሚሊግራም ካልሲየም ያገኛል። ካሎሪውን በድንች ልተካ ካለ 1.4 ኪሎ ይፈልጋል፤ የሚያገኘው ግን 28 ግራም ፕሮቲንና 170 ሚሊግራም የማይሞላ ካልሲየም ነው። ወተትም ስለተከለከለ ካልሲየሙን ከጎመን መልቀም አለበት፤ ለዚያውም በየቀኑ።

በፍስክ ቀን ሥጋ፣ እንቁላልና የጣና ዓሣ ክፍተቱን ይሞላሉ፣ ኪስ ከፈቀደ። ጭንቁ ጾም ሲገባ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን ወደ 48 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል። ሽሮ፣ ምስርና እንጀራ ከሌሉ 1 ኪሎ ድንች 20፣ 300 ግራም ጎመን 9፣ 50 ግራም ተልባ 9 ግራም ይሰጡታል፤ ድምሩ 38 ነው። ተልባውን እጥፍ ላድርገው ቢል ሆዱ ይነግረዋል። በዚህ ዓይነት 55 ቀን ዐቢይ ጾምን መግፋት ጡንቻ ማክሳት ነው። በጾም ወቅት ቢያንስ ጥራጥሬውን መመለስ ግድ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባት እንተወው።

ጨው መተው ደግሞ ለደጋው ጎጃም አደጋ ነው። እንቅርት በማይጠፋበት አገር አዮዲን በዋናነት የሚገኘው ከአዮዲን ጨው ነው። በ2 ዓመቱ የስዊድን ጥናት ፓሊዮ የበሉት ሴቶች እንኳ የአዮዲን እጥረት ታይቶባቸዋል። ጨው ይቀነስ፣ አይጥፋ፤ ሙቀት አዮዲኑን ስለሚያበረው ወጡ ሊወጣ ሲል ይጨመር፣ በተከደነ ዕቃም ይቀመጥ። እህሉን ባቆሙ በመጀመሪያው ሳምንት የሚመጣው ራስ ምታትና ድካም በብዛት ከሰውነት ውኃና ጨው ስለሚወጣ ነው። ሥጋ ሲበዛም ጥሬው ይበዛልና የኮሶ ትል ይከተላል፤ ይብሰል።

ከሁሉ በፊት ሐኪም ማማከር ያለበት ግሊቤንክላማይድ የተባለውን የስኳር ኪኒን ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ነው። እንጀራውን በአንድ ቀን ቆርጦ መድኃኒቱን በነበረው መጠን ከቀጠለ የደም ስኳሩ ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ሊወርድበት ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥና መደናገር ከጀመረው 3 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ ወዲያው ይጠጣ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ይለካ፣ ካልተነሣ ይድገም። ራሱን ከሳተ ግን ምንም በአፉ አይግባ፣ በፍጥነት ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።