ጄንሺያን ቫዮሌት ከአበባ አይሠራም

ከላቦራቶሪ ተማሪዎች ደጋግሜ የምሰማው ጥያቄ ነው፦ ጄንሺያን ቫዮሌት የሚባለው ሐምራዊ ማቅለሚያ ከዕፅዋት የሚወጣ ነው? አይደለም። ጄንሺያን በአውሮፓ ተራሮች የሚበቅል ተክል ነው፤ ብዙዎቹ ዝርያዎቹ ደማቅ ሰማያዊ አበባ አላቸው። ማቅለሚያው ከአበባው የወሰደው ስሙን ብቻ ነው፤ መልኩ ስለሚመስለው። ከተክሉ አንድ ጠብታ እንኳ የለበትም፤ በ19ኛው መቶ ዘመን ኬሚስቶች የሠሩት ነው። የተክሉ ስም ደግሞ በጥንት ዘመን በምዕራብ ባልካን ከነበረችው ከኢሊሪያ ንጉሥ ከጄንቲየስ የመጣ ነው፤ የተክሉን ፈዋሽነት ያገኘው እርሱ መሆኑን የጻፈው ጥንታዊው ሮማዊ ፕሊኒ ነው። ጣታችን ላይ ጠብ ብሎ በሳሙና ታጥቦ አልለቅ የሚለው ሐምራዊ ነጠብጣብ የንጉሥ ስም ተሸክሟል ማለት ነው። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

ይበልጥ የሚያደናግረው ግን የስሞቹ መደራረብ ነው። ክሪስታል ቫዮሌት አንድ የተወሰነ ውህድ ሲሆን ስድስት የሜቲል ቡድኖች (አንድ ካርቦንና ሦስት ሃይድሮጅን የያዙ የአተም ስብስቦች) አሉት። ሜቲል ቫዮሌት የተቀራራቢ ውህዶች ድብልቅ ነው፤ ስሙም ከእነዚሁ ቡድኖች የተገኘ ነው። ይህ አያከራክርም። የሚለዋወጠው ጄንሺያን ቫዮሌት የሚለው ስም ነው፦ አንዱ አምራች ንጹሑን ክሪስታል ቫዮሌት፣ ሌላው ድብልቁን በዚህ ስም ይጠራል።

ለግራም ምርመራ (ባክቴሪያዎችን በቀለም በሁለት ቡድን ለሚለየው ምርመራ) ስላይድ ከማቅለማችሁ በፊት በጠርሙሱ ላይ ያለውን የማቅለሚያ መለያ ቁጥር እዩ። 42555 ከሆነ ክሪስታል ቫዮሌት ነው፤ 42535 ከሆነ ሜቲል ቫዮሌት።