ድኅረ ወሊድ ድባቴ እና የንግግር ሕክምና

በወለደች በሦስተኛው ቀን ገደማ ሆዷን ባር ባር የሚላት፣ እንባዋ የሚቀድማት አራስ ብዙ ናት። ይህ በሁለት ሳምንት ውስጥ በእረፍትና በአጋዥ ያልፋል። ከዚያ በላይ ከቀጠለ፣ ምንም ነገር ደስ ካላሰኛት፣ «ለልጄ የማልበቃ ነኝ» የሚል ጥፋተኝነት ከተጫናት ግን ድባቴ ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በታዳጊ አገሮች ከወለዱ ሴቶች 20 በመቶ የሚጠጉት የአእምሮ ሕመም፣ በዋናነትም ድባቴ፣ እንደሚያጋጥማቸው ይገምታል።

በአገራችን አራስ ቤት ገንፎውም አጥሚቱም ጠያቂውም አይጎድልም። ሆኖም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ላላት ሰው «ከፋኝ» ብላ መመለስ ያሳፍራታል። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ከተነሡ በኋላ ደግሞ ቤቱ ጭር ይላል፤ ድባቴው ግን በመጀመሪያው ዓመት በማንኛውም ጊዜ ሊነሣ ይችላል።

ለመለየት በብዛት የሚሠራበት በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣው የኤዲንብራ መለኪያ የተባለው መጠይቅ ነው። ስላለፉት 7 ቀናት 10 ጥያቄዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይታረማል። እንደየአገሩ 10 ወይም 13 ነጥብና ከዚያ በላይ ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል ያሰኛል። አሥረኛው ጥያቄ ራስን ስለመጉዳት ስለሆነ ከ«በፍጹም» ውጭ ያለ ማንኛውም መልስ ድምሩ ሳይጠበቅ በዚያው ቀን ይታያል። አማቷ አጠገቧ ተቀምጣ ከተጠየቀች መልሷ «ደኅና ነኝ» ነውና ለብቻዋ ትጠየቅ። «ሕፃኑ ሲተኛ አንቺስ እንቅልፍ ይወስድሻል?» የሚለውም ብዙ ይገልጣል። የደም ማነስና የታይሮይድ (የአንገት እጢ) ችግር ድባቴ ስለሚመስሉ የደም ምርመራ አይቀርም።

ከባለሙያ ጋር በመነጋገር ከሚሰጡት የንግግር ሕክምናዎች አንዱ በሰዎች ግንኙነት ላይ ያተኩራል፤ በተለምዶ በሳምንት አንድ ጊዜ ሆኖ ከ12 እስከ 16 ጊዜ ይካሄዳል። መጀመሪያ በዙሪያዋ ማን እንዳለ፣ ማን እንደሚያግዛት፣ ከማን ጋር እንደተቃቃረች ይታያል፤ ከዚያ አንድ ችግር ይመረጣል። «ባልሽ ያግዝሽ» የሚል ምክር ውኃ አይቋጥርም። «ከሌሊቱ 6 እስከ 10 ሰዓት ሕፃኑን እሱ ይያዝ፣ ለመጥባት ብቻ ያምጣላት፣ ማስገሳቱንና ጨርቅ መቀየሩን እሱ ይወጣው» ሲባል ግን ቢያንስ መፈጸሙ ይታወቃል፤ ካልተፈጸመም ምን እንዳደናቀፈ በሚቀጥለው ቀጠሮ ይነሣል።

የሥነ ልቦና ባለሙያ በሌለበትም መንገድ አለ። በ2008 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት በፓኪስታን ገጠር ቤት ለቤት የሚዞሩ ጤና ሠራተኞች ሠልጥነው ድባቴ ያለባቸውን እናቶች አነጋገሩ፤ ከወሊድ 6 ወር በኋላ በድባቴ የቀሩት 23 በመቶ ሲሆኑ፣ ሥልጠናውን ካላገኙ ሠራተኞች ዘንድ ግን 53 በመቶ ነበሩ። የጤና ኤክስቴንሽን ላላት አገር ሊታለፍ የማይገባ ውጤት ነው።

ድባቴው ከጠና መድኃኒት ይጨመራል። ሰርትራሊን ወደ ጡት ወተት የሚያልፈው ጥቂት ስለሆነ ለምታጠባ እናት በብዛት ይመረጣል። ለውጡ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል «አልሠራልኝም» ብሎ መተው የተለመደ ስሕተት ነው፤ ሲሻል ወዲያው ማቋረጥም ሕመሙን ሊመልስ ይችላል። ጠበል የምትጠመቅም ክኒኗን አታቋርጥ።

ከ1,000 ወላዶች በ1 ወይም 2 ላይ የሚደርሰው፣ ድኅረ ወሊድ ሳይኮሲስ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ግን ቀጠሮ አይጠብቅም። እንቅልፍ ጨርሶ ከጠፋ፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ከሰማች፣ ሰው ሁሉ ጠላት ከመሰላት ከሕፃኑ ጋር ብቻዋን ሳትተው በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ትወሰድ።