ሪጄን ምንድን ነው? የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁለት ላይ በምን ይያዛል?

አጎቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ዓባይ በረሃን ስንት ጊዜ እንደወረዱ እሳቸውም አይቆጥሩትም። በቀደም ከእንጦጦ ማርያም ወደ ሽሮ ሜዳ በኤሌክትሪክ መኪናዬ ይዣቸው ስወርድ ዓይናቸው ከቀኝ እጄ ላይ አልተነሳም። ማርሽ ስቀይር ለማየት ነው። አልቀየርኩም። ፍሬንም አልረገጥኩም። መኪናው ግን አንድ ሰው ከኋላ የያዘው ይመስል ቀስ ብሎ ይወርዳል።

«አንተ፣ ይሄ ነገር ማርሽ የለውም እንዴ? በምን ይዘኸው ነው የምትወርደው?»

«በሪጄን ነው ጋሼ።»

«እሱ ደግሞ ማን ነው?»

ጥያቄው የሳቸው ብቻ አይደለም። የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ብዙ ሰው ሳያስበው የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤት ሆኗል። ቻርጅ ማድረጉን ሁሉም ይለምደዋል። ሪጄን ግን «ስክሪኑ ላይ አለ፣ ነክቼው አላውቅም» ከሚባሉት ነገሮች አንዱ ሆኖ ቀርቷል።

ሙሉ ስሙ ሪጄኔሬቲቭ ብሬኪንግ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ኤሌክትሪክ ሲሰጡት ጎማ ያዞራል። ጎማው ሲያዞረው ደግሞ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ዲናሞ ይሆናል ማለት ነው። የድሮ ብስክሌት የነዳ ያስታውሳል፤ የመብራቱን ዲናሞ ጎማው ላይ ስታስጠጉት ፔዳሉ ወዲያው ይከብዳል። መኪናውን የሚይዘው ያ ክብደት ነው። እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ላይ ስታነሱ (ነዳጅ ባይኖርም ስሙ አልለቀቀውም) ሞተሩ ወደ ዲናሞነት ይዞራል፣ መኪናው ይያዛል፣ የተገኘው ኤሌክትሪክ ወደ ባትሪ ይመለሳል። ተራው ፍሬን ይህንኑ ጉልበት ሸራና ዲስክ አፋትጎ ሙቀት ያደርገውና ለነፋስ ይሰጠዋል።

ምን ያህል ይመለሳል? እስቲ እናስላው። ከነሰዎቹ 1,800 ኪሎ የሚመዝን መኪና በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየሄደ ቢቆም፣ የሚለቀው ጉልበት 0.07 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢሆን ነው። እዚህ ግባ አይባልም። ከእንጦጦ ማርያም እስከ ስድስት ኪሎ ግን ከፍታው 500 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ይሄ ወደ 2.5 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ከ60 ወደ ዜሮ 35 ጊዜ እንደመቆም ማለት ነው። ሁሉም ባትሪ ውስጥ አይገባም። አየሩና የጎማው ፍትጊያ የሚወስዱት ድርሻ አለ፣ መንገድ ላይ የሚባክንም አለ። ያን ቀን 58 ፐርሰንት ላይ ጀምረን ስድስት ኪሎ ስንደርስ 60 ይላል። አጎቴ ወርዶ ነዳጅ የሚጨምር መኪና አይተው አያውቁም፣ ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ።

ቲክቶክ ላይ «ራሷን ቻርጅ የምታደርግ መኪና» ሲሏችሁ ግን አትስሙ። ዳገቱን ስትወጡ የከፈላችሁት ነው ሲቀናችሁ በከፊል የሚመለስላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ልኩን ማን ይወስናል? ግማሹን እናንተ፣ ግማሹን ኮምፒውተሩ።

የእናንተ ድርሻ እንደ መኪናው ይለያያል። ኒሳን ሊፍ እና ፎልክስዋገን አይዲ 4 ላይ «ዲ» እና «ቢ» የሚባሉ የመንጃ ምርጫዎች አሉ፤ «ቢ» ጠበቅ አድርጎ ይይዛል። ሃዩንዳይ አዮኒክ 5 ከመሪው ጀርባ ሁለት መቅዘፊያ የሚመስሉ ማንሻዎች አሏት፤ በአንዱ ትጨምራላችሁ፣ በሌላው ትቀንሳላችሁ። ብዙዎቹ ቢዋይዲዎች ላይ መደበኛና ከፍተኛ የሚሉ ሁለት ምርጫዎች ታገኛላችሁ። አንዳንዶቹ ደግሞ እግር ስታነሱ እስከ መጨረሻው ይዘው ያቆሙታል። በአንድ ፔዳል መንዳት የሚሉት ይሄን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞክሩት ሰውን ወደፊት ደፋ ደፋ ያደርገዋል። ሁለት ቀን ቢፈጅ ነው፤ ከዚያ እግር ራሱ ልኩን ያውቀዋል።

ከፍተኛው ሁልጊዜ የተሻለ ነው የሚለው ግን አይዋጥልኝም። ወደ ባትሪ ገብቶ ተመልሶ የሚወጣ ኤሌክትሪክ መንገድ ላይ ሲሶ ያህሉ ይቀራል። ስለዚህ አዳማ ፈጣን መንገድ ላይ መኪናውን ዝቅ ባለ ሪጄን ለቀቅ አድርጎ ማንሸራተት ይሻላል፤ ያልባከነ ጉልበት መልሶ መሰብሰብ አያስፈልገውም። መገናኛ አካባቢ ሂድ ቁም በሚበዛበት ሰዓትና ቁልቁለት ላይ ግን ከፍ አደርገዋለሁ።

የኮምፒውተሩ ድርሻ አይታይም። በብዙዎቹ መኪኖች ፍሬን ስትረግጡ እንኳ ሸራው ዲስኩን ላይነካው ይችላል። ኮምፒውተሩ «ሰውዬው ይህን ያህል ማቆም ፈልጓል» ብሎ ይለካና መጀመሪያ ሞተሩን ያዛል። ካልበቃ የጎደለውን በዘይት ፍሬኑ ይሞላል። ፍጥነቱ የሰው እርምጃ ያህል ሲሆን ሞተሩ ለመያዝ አቅም ያንሰዋል፣ ሥራውን ለሸራው ያስረክባል። መንገዱ አንሸራቶ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚጠብቀው) ሲነሳ ደግሞ ሪጄኑ ገለል ይላል። ይህን ቅብብሎሽ እግራችሁ ሳይነቃ መሥራት ቀላል አይደለም። ቶዮታ እንኳ ፕሪየስ የተባለውን ሃይብሪድ (ቤንዚንና ኤሌክትሪክ አጣምሮ የሚሄድ መኪና) እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ እየሸጠ ቆይቶ በ2010 ከ400 ሺህ በላይ ሃይብሪዶቹን የፍሬን ሶፍትዌራቸውን ለማረም መልሶ ጠርቷል። ጎርበጥባጣ ወይም አንሸራታች መንገድ ላይ ፍሬኑ ለቅጽበት የላላ ይመስል ነበር።

ሪጄን የማይሠራበት ጊዜ አለ። ይህን የተማርኩት ደንግጬ ነው። እንጦጦ ላይ ዘመድ ቤት አድሬ ሌሊቱን 100 ፐርሰንት ሞላሁት። ጠዋት ቁልቁለቱን ጀምሬ እንደለመድኩት እግሬን ባነሳ መኪናው ልቅ ሆነ። ከፊቴ እንጨት የተሸከሙ እናቶች፣ ከነሱ ቀጥሎ አህዮች። ፍሬኑ ደህና ነበር፣ ረግጬ ያዝኩት። ልቤ ግን ፍሬን የበጠሰ ሰው ልብ ሆኖ ነበር።

መኪናው አልተበላሸም። የሞላ እንስራ ላይ ውኃ አይቀዳም። የሊቲየም ባትሪ ሊሞላ ሲቃረብ፣ ወይም በጣም ሲቀዘቅዝ፣ በኃይል የሚመጣ ቻርጅ ይጎዳዋል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ሪጄኑን ይቀንሳል ወይም ጭራሽ ይዘጋዋል። አንዳንዶቹ ዳሽቦርድ ላይ ይናገራሉ፤ የኔም ተናግሮ ኖሯል፣ ማን አይቶት! ሸቭሮሌ የመጀመሪያውን ቦልት ሲያወጣ ኮረብታ ላይ ለሚኖሩ ብሎ ባትሪውን ሳይሞላ የሚያቆም ምርጫ አብሮ ሰጥቶ ነበር። በእናንተ መኪና ላይ ባይኖርም የቻርጅ ጣሪያውን 85 ወይም 90 ላይ ማድረግ ያው ነው። ከፍታ ላይ አድሮ ጠዋት የሚወርድ ሰው እንዲያ ቢያደርግ ይሻለዋል።

ሃይብሪድ ላይ ደግሞ ስለ «ቢ» የተለመደ ስህተት አለ። ፕሪየስ ያለው ሁሉ «ቢ ላይ ሳደርገው የበለጠ ቻርጅ ያደርጋል» ይላችኋል። የለም። የቆዩት ፕሪየሶች ባትሪ 1.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፤ የእንጦጦ ቁልቁለት አጥለቅልቆት ያልፋል። «ቢ» የሚያደርገው የቤንዚን ሞተሩን ያለ ቤንዚን ማሽከርከር ነው። ጉልበቱን ሆን ብሎ ያባክነዋል፣ ፍሬኑ እንዳይግል። ለአጎቴ ይህን ስነግራቸው ፊታቸው ፈካ። «በላ፣ በከባድ ማርሽ መውረድ ነዋ!» አሉ። ልክ ናቸው። ለረጅም ቁልቁለት ነው እንጂ ለሜዳ አይደለም፤ ሜዳ ላይ ቤንዚን ይበላል።

አንድ ነገር ደግሞ ከኋላችሁ ላለው ሚኒባስ። ጠንካራ ሪጄን ፍሬን ሳትረግጡ መኪናውን ያቀዘቅዛል፤ ታዲያ የፍሬን መብራቱስ? ብዙ አገሮች የሚከተሉት የተባበሩት መንግሥታት የፍሬን ደንብ መልስ አለው። የመኪናው ፍጥነት በየሰከንዱ ከ4.7 ኪሎ ሜትር በሰዓት ገደማ በላይ እየቀነሰ ከሆነ መብራቱ መብራት አለበት። ከዚያ በታች ላይበራ ይችላል። ማታ ግድግዳ ፊት ለፊት፣ ወይም ሰው ከኋላ አቁማችሁ፣ የራሳችሁን ሞክሩት።

ሸራችሁ ደግሞ ረጅም ዕድሜ ይኖረዋል። ችግሩ ሥራ ሲያጣ ዲስኩ ይዝጋል፣ በተለይ ክረምት ላይ። ፎልክስዋገን አይዲ 4 የኋላ ጎማዎች ላይ ዲስክ ትቶ ወደ ድሮው ከበሮ ፍሬን የተመለሰበት አንዱ ምክንያት ይሄው ነው። ባዶ መንገድ ስታገኙ አልፎ አልፎ ሪጄኑን ዝቅ አድርጋችሁ ፍሬኑን ጠንከር አድርጋችሁ ርገጡት።

ስድስት ኪሎ ስንደርስ አጎቴ ወርደው ወደ ቤት አልሄዱም። ዞረው የፊት ጎማው ጋ ጎንበስ አሉ። ከቁልቁለት በኋላ ጎማ መዳበስ፣ የሸራ ሽታ ማሽተት የኖሩበት ነው። እጃቸውን ቀስ ብለው አስጠጉ፣ ከዚያ ጣታቸውን በቸርኬው መካከል አሾልከው የዲስኩን ዳር ነኩት።

«ቀዝቃዛ ነው» አሉ።

ጣታቸውን አውጥተው አሳዩኝ። ጫፉ ላይ ቀይ ዝገት አለ።

«ይሄኛው ግን ሥራ ፈቷል።»